ለካሬዋ ኮሮላ ሌላ ሞተር

የዛሬው ዝግጅታችን ብዙ ባለ አሮጌ መኪናዎች የሚመኙትን፣ ጥቂቶች የሚደፍሩትን ሥራ ይመለከታል። የመኪናን ሞተር አውጥቶ በምትኩ የበለጠ ጉልበት ያለው ሞተር ስለመግጠም ነው የምናወራው። ነገሩን በጥቅሉ ብንናገረው ለማንም አይጠቅምም፤ ስለዚህ አንድ የምናውቃትን መኪና እንያዝ። ብዙዎቻችን ዲኤክስ እያልን የምንጠራት ካሬዋ ኮሮላ ትሁን። በፋብሪካ ስሟ ኬኢ70 ትባላለች፤ ይህ የኮሮላ ትውልድ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገባችሁ ካለ ያዙ፤ በየመካከሉ ቁጥሮች እጠቅሳለሁ።

ይህን ጉዳይ አሁን ማንሳቴ በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪናዎች ዕድሜ መርዘሙ አይቀርም። ባለቤቱ መኪናውን ከመሸጥ ይልቅ ማደስን ይመርጣል፤ ማደስ ሲነሳ ደግሞ የሞተር ጉዳይ ይመጣል። አራት ሰው ጭና ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ የምትወጣ ዲኤክስ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ስታቃስት የሰማ ሰው ምኞቱ ከየት እንደመጣ ይገባዋል።

ግን መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ያቺ መኪና የምታቃስተው ሞተሯ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ነው?

ኬኢ70 ላይ በብዛት የምናገኘው ሞተር 4ኬ ይባላል። 1290 ሲሲ ነው፤ ጉልበቱ በግምት 60 የፈረስ ጉልበት ቢሆን ነው። ይህ ቁጥር ግን የተለካው በባሕር ወለል አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትርና ከዚያ በላይ ትገኛለች፤ እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። ሞተር የሚሠራው ቤንዚን ከአየር ጋር ቀላቅሎ በማቃጠል ስለሆነ፣ ፒስተኑ ወደ ታች ወርዶ አየር በሳበ ቁጥር የሚገባለት አየር ሳሳ ያለ ነው። አየሩ ከቀነሰ የሚቃጠለውም ይቀንሳል። እንደ ማስታወሻ፣ አየርን በራሱ ስቦ የሚሠራ፣ ማለትም ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል። ስለዚህ የእኛ 60 የፈረስ ጉልበት አዲስ አበባ ላይ 45 አካባቢ ይሆናል። ሞተሩ ምንም ሳይታመም ማለቴ ነው።

በዚህ ላይ ካርቡራተሩን ጨምሩበት። ካርቡራተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ለባሕር ወለል በተመጠነ ቀዳዳ ቤንዚኑን ያፈሳል። ውጤቱ ቤንዚን የበዛበት ቅልቅል ነው። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ከማርሚታው የቤንዚን ሽታ ይወጣል፣ ነዳጅ ይባክናል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። የብዙ 4ኬ ሞተሮች ቫልቮች ደግሞ ክፍተታቸው በየጊዜው በእጅ መለካትና መስተካከል አለበት፤ ብዙ መኪናዎች ላይ ይህ ሳይደረግ ዓመታት ያልፋሉ። እናም ሞተር ልትቀይሩ ያሰባችሁ አድማጮች፣ ከሁሉ በፊት የቫልቭ ክፍተቱን አስለኩ፤ የካርቡራተሩን ቀዳዳዎች ለምንኖርበት ከፍታ አስመጥኑ፤ የካንዴላ እሳት የሚመታበትን ጊዜ በመለኪያ መብራት አስተካክሉ። ከዚህ በኋላ መኪናቸውን አዲስ የተገዛች ያህል የሚያገኟት ብዙዎች ናቸው። ገንዘባችሁን በከንቱ እንዳታወጡ ስለምፈልግ ይህን ከሌላው አስቀድሜ ተናገርኩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ጉልበት አነሰ እንበል። ወደ ሞተር ምርጫው እንግባ።

በዓለም ዙሪያ የዚህች ኮሮላ አፍቃሪዎች የሚመኙት ሞተር 4ኤጂኢ ነው። ቶዮታ ከያማሃ ጋር ሆኖ የሠራው ሲሆን 1587 ሲሲ ነው፤ ቴስታታው ላይ ሁለት ካምሻፍትና አሥራ ስድስት ቫልቮች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1983 ኤኢ86 በሚባለው ኮሮላ ላይ ተገጥሞ ወጣ። እንደየአገሩና እንደ አለካኩ ዘዴ ከ112 እስከ 130 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ተመዝግቧል። ኤኢ86 ስሙ የቀጣዩ ትውልድ ቢሆንም፣ የሻንሲው ሥሪት በአብዛኛው ከኬኢ70 ትውልድ የተወረሰ ነው። ሁለቱም ከኋላ ጎማ ነው የሚነዱት። የፊት እግራቸው፣ የኋላ ዘንጋቸው፣ ካምቢዮ የሚያርፍበት ቦታ ይቀራረባል። ሰው ይህን ሞተር ለዚህች መኪና የሚመኘው ለዚህ ነው። ሁለቱ መኪናዎች የሥጋ ዘመድ ናቸው ማለት ይቻላል።

ልብ በሉ፤ ይህ ሞተርም አዲስ አበባ ሲመጣ ሩብ ገደማ ያጣል። 120 የነበረው 90 አካባቢ ይሆናል። ከ45 ወደ 90 መዝለል ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን 4ኤጂኢ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው ሞተሩ በደቂቃ 6600 ዙር አካባቢ ሲዞር ነው። ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ የሚሄድ ሰው ደግሞ ሞተሩን የሚያሽከረክረው በ2000 እና በ3000 ዙር መካከል ነው። እዚያ ላይ የሚያስፈልገው ቶርክ፣ ማለትም የመጠምዘዝ ጉልበት ነው። በዝቅተኛው ዙር ሁለቱ ሞተሮች ያላቸው ልዩነት የፈረስ ጉልበቱ ቁጥር የሚያስመስለውን ያህል አይሰፋም። ስለዚህ ዓላማችሁ ከተማ ውስጥ ቤተሰብ ማመላለስ ከሆነ ይህን ሞተር አልመክራችሁም። ምክንያቱን ስንቀጥል ይበልጥ ታዩታላችሁ።

የ4ኤጂኢ ሞተር በገበያ ላይ ሲገኝ በአብዛኛው የሚገኘው ከፊት ጎማ ከሚነዱ ኮሮላዎች ወጥቶ ነው። እንደዚያ ያለው ሞተር በመኪናው ውስጥ ወደ ጎን ተጋድሞ የተቀመጠ ነው፤ በኬኢ70 ውስጥ ደግሞ ከፊት ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት። ውኃው የሚወጣበት ቦታ ይለያያል። ሥሩ ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ ቅርፁ ሌላ ስለሆነ የፊት እግሮቹን የሚያገናኘውን ብረት ይነካል። ሞተሩን የሚሸከሙት የጎማ እግሮችም ቦታቸው አይገጥምም። ይህን ሁሉ በመበየድ ማስተካከል ይቻላል፤ ብዙ ቦታም ይደረጋል። ነገር ግን የተበየደ የሞተር እግር በየጉድጓዱ የሚወዛወዝ ከመቶ ኪሎ በላይ ክብደት እንደሚሸከም አትርሱ። በያጁ ብረቱን እንዴት እንደሚያዘጋጅና ምን ያህል ውፍረት እንደሚጠቀም ጠይቁት፤ በጥድፊያ የሚሠራ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ካምቢዮውም አብሮ ይቀየራል። የ4ኬ ካምቢዮ ከ4ኤጂኢ ጋር በቀጥታ አይታሰርም፤ ኤኢ86 ላይ የነበረው ቲ50 የሚባለው አምስት ማርሽ ካምቢዮ ነው የሚስማማው። ካምቢዮ ሲቀየር ርዝመቱ ይለወጣል፤ ስለዚህ ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደው ረጅም ዘንግ ይቆረጣል ወይም ይቀጠላል። ያ ዘንግ ተቆርጦ ሲበየድ ሚዛኑ በማሽን መስተካከል አለበት። ካልተስተካከለ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ ወለሉ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ቆይቶም የካምቢዮውን የኋላ ኩሽኔታ ይበላል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን የምናነሳው ስለ ነዳጅና ኤሌክትሪክ ነው፤ ሙሉ ጆሯችሁን እፈልጋለሁ። በጋራዥ ውስጥ በቀላሉ የሚታለፈው፣ ሕይወት ሊያጠፋ የሚችለውም ይህ ክፍል ነውና።

ካርቡራተር ያለው 4ኬ ቤንዚኑን የሚስበው ሞተሩ ራሱ በሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ፓምፕ ነው፤ ግፊቱ ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ነው። 4ኤጂኢ ግን ቤንዚኑን በመርጫ ይረጫል፤ ለዚያም ከ2.5 እስከ 3 ባር ግፊት ያስፈልገዋል። ልድገመው፤ አሥር እጥፍ ገደማ ነው። አርባ ዓመት ያገለገለ የጎማ ቱቦ ይህን ግፊት አይችልም። ቢሰነጠቅ ቤንዚኑ እንደ ጭጋግ ሆኖ በጋለው ማኒፎልድ ላይ ይረጫል። ስለዚህ ከነዳጅ ታንኩ ጀምሮ እስከ ሞተሩ ድረስ ያለው ቱቦ ለመርጫ ሞተር በተሠራ፣ ግፊት በሚችል ቱቦ ይቀየር። የቱቦ ማሰሪያዎቹም ለዚሁ የተሠሩ ይሁኑ። ትርፉ ቤንዚን ወደ ታንኩ የሚመለስበት መስመርም ያስፈልጋል።

ፓምፑ የኤሌክትሪክ ነው። ፋብሪካው ሲሠራው ሞተሩ ዞሮ ካልሆነ ፓምፑ እንዳይሠራ የሚያደርግ ሪሌ አለው፤ ሞተሩ በማንኛውም ምክንያት ቆሞ ከጠፋ ፓምፑም ይቆማል። አንዳንድ ባለሙያዎች ሥራ ለማቅለል ይህን ዘለው የፓምፑን ገመድ በቀጥታ ከቁልፉ ጋር ያገናኙታል። መኪናው ይሠራል፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ነገር ግን መኪናው ተጋጭቶ ቱቦው ቢበጠስ፣ ሞተሩ ጠፍቶም ቁልፉ እስካልተዘጋ ድረስ ፓምፑ ቤንዚን መርጨቱን ይቀጥላል። ይህን በግልጽ እናገራለሁ፤ ፓምፑን በቀጥታ ከቁልፍ ጋር ካገናኘ ባለሙያ መኪናችሁን አትረከቡ። ከፋብሪካው የመጣው የሽቦ ማሰሪያና ኮምፒውተሩ ከሞተሩ ጋር አብሮ ካልተሸጠላችሁም ሞተሩን አትግዙ። ከተለያየ መኪና በተለቃቀመ ሽቦ የሚሠራ መኪና በየወሩ ጋራዥ ይመልሳችኋል።

ሙቀቱን እንመልከት። ቤንዚን ከሚሰጠው ኃይል ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማው ብቻ መኪናውን ይነዳል፤ ሌላው ከጭሱ ጋርና በውኃው በኩል በሙቀት መልክ ይወጣል። ጉልበቱ እጥፍ ከሆነ ራዲያተሩ ሊያስወጣው የሚገባው ሙቀትም በዚያው ልክ ያድጋል። ከፍታው እዚህም ጣልቃ ይገባል። ባቄላ አዲስ አበባ ላይ ከድሬዳዋ ይልቅ ለመብሰል የሚዘገየው ውኃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው፤ እዚህ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሞተሩ ቴርሞስታት የሚከፍተው ደግሞ በ80ዎቹ ዲግሪ ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ሞተሩን ከመፍላት የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው፤ ክዳኑ ጤነኛ ከሆነ ውኃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ግፊቱን ይለቃል፤ ውኃው ይፈላል፣ የቴስታታው ጋስኬት ይቃጠላል። ስለዚህ ራዲያተሩ ወደ ሰፊው ይቀየር፤ ክዳኑ አዲስ ይሁን፤ በቧንቧ ውኃ ምትክም የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ይደባለቅበት። የሙቀት መለኪያው በትክክል እንደሚያነብም ቀድማችሁ አረጋግጡ።

የኬኢ70 ፍሬን ለ60 የፈረስ ጉልበት የተሠራ ነው። ከፊት ትናንሽ ዲስኮች፣ ከኋላ ታምቡር አሉት። ከ4ኤጂኢ ጋር የወጣው ኤኢ86 በአብዛኛው ከፊት አየር የሚያሳልፍ ዲስክ፣ ከኋላም ዲስክ ነበረው። ፋብሪካው ሞተሩን ሲያሳድግ ፍሬኑን ያሳደገው ያለ ምክንያት አይደለም። በእንቅስቃሴ ላይ ያለ መኪና የተሸከመው ኃይል በፍጥነቱ ልክ ብቻ አይጨምርም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ መኪና 140 ብትገባ፣ ፍሬኑ ወደ ሙቀት ሊለውጠው የሚገባው ኃይል እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። 4ኬ ይህን ፍጥነት ማግኘት ይከብደዋል፤ አዲሱ ሞተር ግን በቀላሉ ያደርሳችኋል።

ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ አስቡ። ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። በዚያ መንገድ ላይ ትንሽ ዲስክ ደጋግሞ ሲረገጥ ይግላል፤ የፍሬን ሸራው ሲግል መያዙን ያቆማል። የፍሬን ዘይቱ ያረጀና ውኃ የጠጣ ከሆነ ደግሞ ይፈላል፤ የፈላ ዘይት ውስጥ እንፋሎት አለ፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። እግራችሁ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይረግጣል፣ መኪናው ግን አይቆምም። እንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ለሁሉም መኪና ግዴታ ነው፤ ጉልበቱ ለጨመረ አሮጌ መኪና ግን በቂ አይደለም። የኤኢ86 የፊት እግርና ዲስክ ከኬኢ70 ጋር የሚገጥም ስለሆነ፣ ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ፈልጉ። እኔ ብጠየቅ የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ፍሬንና የፊት እግር፣ ቀጥሎ ራዲያተር፣ ከዚያ የነዳጅ መስመር፣ መጨረሻ ላይ ሞተር። ገንዘባችሁ በመካከል ቢያልቅ እንኳ በእጃችሁ የሚቀረው ጥሩ ፍሬን ያላት ዲኤክስ ናት። በተቃራኒው ቢሆን በእጃችሁ የሚቀረው የማይቆም ፈጣን መኪና ነው።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ የደከማችሁ አድማጮች ትኖራላችሁ። ለእናንተ ሌላ መንገድ አለ፤ እኔም ለአብዛኛው ሰው የምመርጠው እሱን ነው። ቶዮታ 4ኬን ከሠራ በኋላ 5ኬ የሚባል በመጠን የሚበልጠው ወንድም ሰጥቶታል። የፒስተኑ ጉዞ አንድ ነው፤ 73 ሚሊ ሜትር። የፒስተኑ ስፋት ግን ከ75 ወደ 80.5 ሚሊ ሜትር አድጓል፤ ስለዚህ 1290 ሲሲ የነበረው 1486 ሲሲ ሆኗል። 5ኬ በላይትኤስ ሚኒባሶችና በዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍቶች ላይ ብዙ ዘመን ተገጥሟል። ቤተሰቡ አንድ ስለሆነ ከነባሩ ካምቢዮ ጋር ይታሰራል፣ በነባሩ ቦታም ይቀመጣል። ካርቡራተሩ ይቀጥላል፤ አዲስ ሽቦ የለም፣ ከፍተኛ የነዳጅ ግፊት የለም። ጉልበቱ በብዙ አይዘልም፤ የሚጨምረው ቶርክ ግን ከተማ ውስጥ በምንነዳበት ዝቅተኛ ዙር ላይ ይገኛል። ወደ ሽሮ ሜዳ አራት ሰው ጭኖ ለመውጣት ከዚህ የተሻለ ምላሽ አላውቅም።

የትኛውንም ብትመርጡ ያገለገለ ሞተር ነው የምትገዙት፤ ስለዚህ ኮምፕሬሽኑን ሳታስለኩ ገንዘብ አትክፈሉ። እዚህ ላይም ከፍታው መካኒኮችን ያደናግራል። ባሕር ወለል ላይ 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ወደ 9 ባር ሊያሳይ ይችላል። የአምራቹን መጽሐፍ ብቻ ያየ ሰው ደህናውን ሞተር ሞቷል ይለዋል። ከቁጥሩ ይልቅ በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከቱ፤ ዝቅተኛው ከከፍተኛው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ በላይ ከወረደ ያንን ሞተር ተዉት። ሞተሩ መሬት ላይ ሳለ የካምሻፍት ቀበቶ ካለው ቀበቶውን፣ የውኃ ፓምፑን፣ ከፊትና ከኋላ ዘይት የሚይዙትን ላስቲኮችና የፍሪሲዮኑን ሸራ ቀይሩ። ከተገጠመ በኋላ አንዱን ለመቀየር እንደገና ሞተር ማውረድ ሊጠይቅ ይችላል።

የወረቀቱን ጉዳይ ባጭሩ ላንሳ። የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ የተጻፈ ነው። የተቀየረ ሞተር ያለው መኪና ሊብሬው ካልታረመለት ዓመታዊ ምርመራና ቦሎ ላይ፣ ሲሸጥም፣ ለኢንሹራንስ ካሳም ሲጠየቅ ይቸግራል። ስለዚህ ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት መኪናችሁ የተመዘገበበትን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሂዱና የሚጠይቁትን ሰነድ እወቁ፤ ሻጩም ሞተሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ደረሰኝ ይስጣችሁ። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ሆናችሁ የምታዳምጡን ደግሞ፣ እዚያ የሚገጠመው ሞተር ከመኪናው የምርት ዓመት ያላነሰ መሆን አለበት፤ የጭስ መቆጣጠሪያዎቹም ሁሉ አብረው ገብተው በተለየ መርማሪ መታየት እንዳለባቸው አትዘንጉ።

ሥራው አልቆ መኪናዋ ስትነሳ ወዲያውኑ ረጅም መንገድ አትውጡባት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከቤት አካባቢ አትራቁ። በየማታው ኮፈኑን ከፍታችሁ የነዳጅ ሽታ፣ የውኃ ነጠብጣብ፣ ከካምቢዮው ሥር የወረደ ዘይት ፈልጉ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ የሞተሩን እግሮች፣ የካምቢዮውንና የዘንጉን ቡሎኖች መካኒኩ እንደገና ያጥብቃቸው፤ ዘይቱም ይቀየር። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን ረጅም ቁልቁለት ስትወርዱ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ዳር ይዛችሁ ቁሙና እጃችሁን ሳታስነኩ ወደ ፊት ቸርኬዎቹ አስጠጉ። ከአንደኛው ጎን የሚመጣው ሙቀት ከሌላው ብዙ ከበለጠ አንዱ ፍሬን ይዞ ቀርቷል ማለት ነው፤ ቀዝቅዞ እስኪታይ ድረስ ጉዞውን አትቀጥሉ።